የሰማያዊው ጃኬት ቃለ መጠይቅ

በእናቱ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ይታመማል። እናቱ እንዲህ ነው የምታምነው፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ላስቲክ ለብሶ ባለቤቱ ሳይመጣለት የሚከርም ልብስ መጀመሪያ ትከሻው ላይ የመስቀያ ጉብታ ያወጣል፤ ቀጥሎ እጥፋቱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ብል ይገባበታል፣ አለቀለት። «ገላ ያጣ ልብስ ሬሳ ነው» ትላለች፣ የእንፋሎት ካውያውን እያስፏጨች። መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ማንሸራሸር።

ስለዚህ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሲዘጋ ቤተሰቡ በሙሉ የሰው ልብስ ለብሶ ይወጣል። ነገሩ ሕግ አለው። ከመንገዱ መታጠፊያ ማለፍ የለም፤ መቀመጥ የለም፤ መብላት የለም፤ እጅን ኪስ ውስጥ መክተትማ ጭራሽ አይታሰብም። እናቱ የማታውቃትን ሴት የሐር ቀሚስ ለብሳ ቀስ እያለች ትራመዳለች። ታናሽ እህቱ የጠበቃ ካባ ትጎትታለች። የእናቱ ታናሽ ወንድም፣ አጎቱ፣ የአውሮፕላን አብራሪ ኮት ለብሶ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ አስቁማው በረራዋ ለምን እንደዘገየ ብትጠይቀው «የአየር ጠባይ ነው እመቤቴ» ብሎ አጽናንቶ ሸኝቷታል።

ከኋላቸው ትንሽ ራቅ ብሎ የሚከተለው ረጅም ቀጭን ወጣት ደመናው ነው። ስሙስ ሌላ ነበር፤ ግን ሰው ሲያናግረው ዓይኑ ጣሪያ ላይ ስለሚቀር እህቱ ገና አፏን ስትፈታ ያወጣችለት ስም ጸንቶበት ቀረ። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሷል። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ጓደኛ ግን የለውም። ውሎው ከኋለኛው ክፍል፣ ባለቤት ያልጠየቃቸው ልብሶች ከተንጠለጠሉበት፣ ከነሱ መካከል ነው።

ያ ክፍል ሱቁን አንቆ ሊገድለው ነበር። ከመቶ በላይ ልብስ ተሰቅሎበት መግቢያ ጠፍቶ፣ አዲስ ሥራ ሲመጣ እናቱ የምታስቀምጥበት ቸግሯት «ጭንቅላቴ ላይ ልስቀለው?» የምትልበት ጊዜ ነበር። ደመናውን እንቅልፍ የነሳው ጥያቄም ከዚያ መጣ። ሰው የራሱን ነገር፣ ያውም ንጹሕና የተተኮሰ ነገር፣ ለምን ሳይወስድ ይቀራል? ረስቶ እንዳይባል በየጊዜው ይደወልለታል። «እሺ ነገ» ይላል፤ ነገ አይመጣም።

ኮረብታው ላይ ያለው የቢዝነስ ትምህርት ቤት ስለ ደንበኛ ጠባይ ብቻ የሚያስተምር ሙሉ ኮርስ እንዳለው የሰማ ቀን ደመናው ሌላ ነገር አላማረውም። ችግሩ አገር ሁሉ ያማረው እሱን ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። አመልካቹ እንደ አሸዋ፣ ወንበሩ እንደ ወርቅ። ዘንድሮ ካልገባ ደግሞ አጎቱ የሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝቶለታል፤ ቀኑን ሙሉ ከረጢት ሲገባ ማየት፣ ከረጢት ሲወጣ ማየት።

አጎቱን ሰፈሩ «አማካሪው» ይለዋል። ሦስት ትምህርት ጀምሮ አራቱንም ያቋረጠ ሰው ነው፤ እሱን የማያማክር ግን የለም፣ ባያማክረውም ይመክራል።

«ውጤትህን እርሳው» አለው ማመልከቻው የሚሞላበት ቀን፣ መተኮሻው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጦ። «ውጤት ያለው ሞልቷል። እነሱ የሚፈልጉት መሪ ነው። ምን መርተሃል?»

«ምንም።»

«ክበብ? ማኅበር? የእግር ኳስ ቡድን?»

«የለኝም ጋሼ።»

«እሺ፣ ጓደኛስ?»

ደመናው ጣሪያውን አየ። እህቱ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና «ኮቶቹ አይቆጠሩለትም?» ብላ ሳቀች።

አማካሪው ሊቆጣት አፉን ከከፈተ በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። ዓይኑ በራ። «ስንት ናቸው?»

«አሁን የቀሩት አርባ ናቸው።»

«አርባ አባላት ያሉት የወጣት ሥራ ፈጣሪዎች ክበብ። መሥራችና ሊቀ መንበር፣ አንተ። ስብሰባ ቀርተው ያውቃሉ?»

«የት ይሄዳሉ?»

«በዲሲፕሊን የታነጹ! ጻፍ።»

«ጋሼ፣ ሌላ የምጽፈው ነገር ነበረኝ እኮ» አለ ደመናው፣ እያመነታ። «መልእክቶቹን።»

መልእክቶቹ እንዲህ ናቸው። «ከመቶ በላይ» የነበሩት ልብሶች «አሁን አርባ» የሆኑት እንዲያው አልነበረም። ደመናው ልብሶቹን ሲያገላብጥ ሲያገላብጥ አንድ ነገር ገባው። ሱሪው ወገቡ ላይ ተወጥሮ የነበረ ሰው ነው የማይመጣው። የሙሽራ ቀሚስ አስተኩሳ ሠርጉ የፈረሰባት ናት የማትመጣው። ሰዎቹ አልረሱም። አፍረዋል። ልብሱን ሲያዩ የሚያዩት ሌላ ነገር ስላለ ፈርተዋል። ስለዚህ በሱቁ ስልክ፣ በሱቁ ስም ሳይሆን በልብሶቹ ስም ይጽፍላቸው ጀመር። «እመቤቴ፣ እኔ ነጩ ቀሚስዎ ነኝ። አጠገቤ የሚያንኮራፋ ካፖርት ሰቅለውብኛል። ለሌላ ቀን እሆናለሁ፤ መጥተው ይውሰዱኝ። አልተቀየምኩም።» ሴትዮዋ በማግስቱ እየሳቀችም እያለቀሰችም መጣች። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። የኋለኛው ክፍል ግድግዳ እንደገና ታየ።

«ከሱሪ ጋር አወራለሁ ብለህ ልትጽፍ?» አለው አጎቱ። «ይቀበሉሃል፤ ግን ትምህርት ቤቱ አይደለም የሚቀበልህ፣ ሆስፒታሉ ነው። ክበቡን ጻፍ!»

ደመናው ክበቡን ጻፈ። ለቃለ መጠይቅ ተጠራ።

የጥሪው መልእክት የደረሰ ዕለት ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ምን ይለብሳል? ላውንደሪ ቤት ተወልዶ አድጎ የራሱ ጃኬት የሌለው ልጅ! አማካሪው ወደ ኋላ ገብቶ አንድ ሰማያዊ ጃኬት በክንዱ አንጠልጥሎ ተመለሰ። ከክረምቱ በፊት የመጣ፣ መልእክት ተልኮለት ባለቤቱ ድምፁን ያጠፋ ጃኬት ነው። ደመናው ሲለብሰው ለሱ የተሰፋ መሰለ።

እናቱ ካውያዋን አስቀመጠች። «የሰው ወርቅ አያደምቅ።»

«ወርቅ ሳይሆን ጃኬት ነው እታለም።»

«ከመታጠፊያው ያልፋል?»

«ኮረብታው ያለው ከመታጠፊያው ወዲያ ነው።»

«ይቀመጥበታል?»

«ቆሞ ይጠየቅ ታዲያ?» አጎቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስከ ዛሬ ያልመጣ ሰውዬ ነገ በሱ ምክንያት ይመጣል? ለጃኬቱም ረጅም ሽርሽር ነው፤ ጤና ነው።»

የመጨረሻዋ ነጥብ እናቱን አሸነፈቻት። ልጇ ሊማር፣ ጃኬቱ ሊድን። ደመናውም ቸኩሎ የሸሚዙን ኮሌታና ደረት ብቻ ተኮሰ። ጀርባውን ማን ያየዋል፣ በጃኬት የተሸፈነውን?

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ብርጭቆ ውሃ፣ ግድግዳው ላይ እየተንቋቋ የሚዞር ማራገቢያ። በግራ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች መምህርት፣ በቀኝ ጢሙን ገና የጀመረ ወጣት መምህር፣ መሃል ላይ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ጠረጴዛው ጋ የደረሰ ዲን።

«ክበብህ ትልቅ ነው፣ ይደነቃል» አለችው መምህርቷ። «አርባ አባላት። በሳምንት ሲገናኙ ምን ያደርጋሉ?»

አጎቱ ለዚህ ጥያቄ ረጅም መልስ አስጠንቶት ነበር። ግን የማራገቢያው ንፋስ የመስኮቱን መጋረጃ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ደመናው አየና ሐሳቡ ወደ ኋለኛው ክፍል ሄደ።

«ይንጠለጠላሉ» አለ።

ማራገቢያው ተንቋቋ።

«ይቅርታ፣ ምን?»

«ማለቴ… እሁድ እሁድ ይንሸራሸራሉ።»

ወጣቱ መምህር ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዲኑ ግን አልሳቀም፤ መስማቱም ያጠራጥር ነበር። ደመናው ከገባ ጀምሮ ዓይኑ ከግራ እጅጌው ላይ አልተነሳም።

«እጅህን እስቲ ከፍ አድርገው» አለው።

ደመናው መማል ያለበት መስሎት ከፍ አደረገ።

«ዞር አድርገው። እሱን ቁልፍ… ማነው የሰፋው?»

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይጠረጥር ነበር። ደመናው ግን የላውንደሪ ልጅ ነውና ስለ ልብስ ሲጠየቅ ሌላውን ሁሉ ይረሳል። «ባለቤቱ ራሱ ነው የሰፋው» አለ በሙሉ ልብ። «ባለሙያ በሰማያዊ ጃኬት ላይ ቀይ ክር አያስገባም። ሰውዬው ቸኩሎ ነበር፤ ሰፊም አይደለም። ቋጠሮው ላይ ቋጠሮ ደርቦበታል። መርፌውም ሳይወጋው አልቀረም።»

«ወግቶኛል» አለ ዲኑ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ይኼኔ ነው። ደመናውን ላብ አጠመቀው፤ ከላቡም መሃል የመጣለት ሐሳብ ጃኬቱ ብብቱ ላይ ሊበላሽ ነው የሚል ብቻ ነበር።

«ይህ ጃኬቴ ነው» አለ ዲኑ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ቀላ። «ቆይ። ቆይ አንድ ጊዜ። ታዲያ ያ በስልኬ የመጣው… ‹ሆድዎ ገፍቶ ከሆነ አይፈሩኝ› የሚለው…»

«‹ጎንና ጎኔ ላይ ትርፍ ጨርቅ አለ፣ አልተቀየምኩም›» ብሎ ጨረሰለት ደመናው በደከመ ድምፅ። «እውነትም አለው ጌታዬ። ስፌቱ ውስጥ።»

ወጣቱ መምህር ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «አላልኩዎትም? ስምልልዎት፣ ስገዘትልዎት! ከክረምት ጀምሮ ሰላምታ ነስተውኛል እኮ! በሆድዎ የቀለድኩት እኔ አይደለሁም ብዬ…»

«ተቀመጥ» አለው ዲኑ።

«አልቀመጥም! በመጀመሪያ ‹እንደምን አደርክ› ይበሉኝ!»

«እንደምን አደርክ። ተቀመጥ።»

መምህርቷ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗን ጠረገች። ከሳቋ ስትመለስ ግን ድምፅዋ ሌላ ነበር። «ለስንት ሰው ነው እንዲህ የጻፍከው?»

ደመናው ከዚህ በኋላ የሚደብቀው ምን አለ? ነገራት። ክፍሉ እንዴት ጢም ብሎ እንደነበር፣ ተራው የስልክ ጥሪ ለምን እንዳልሠራ፣ ሰው የሚያሳፍረውን ነገር «ና ውሰድ» ሲሉት እንደሚሸሽ፣ ልብሱ ራሱ «አልተቀየምኩም» ሲለው ግን እንደሚመጣ፣ ከመቶ በላይ የነበሩት አርባ እንደቀሩ። ጣሪያውን አንድም ጊዜ አላየም። የመምህርቷ እስክሪብቶ መሮጥ ጀመረ።

«ይህ ማመልከቻህ ላይ የታለ?»

«አልጻፍኩትም።»

«ለምን?»

«አመራር አይደለም… ተባልኩ።»

«አርባ አባላት ያሉት ክበብስ?»

«ክበብ የለም። አርባዎቹ የቀሩት ኮቶች ናቸው።»

መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አየህ» አለች፣ ሳትቆጣ፤ አለመቆጣቷ ነው ያቃጠለው። «የሌለውን ጽፈህ ያለውን እቤት ትተኸው መጣህ።»

ሲሰናበቱት ዲኑ ጃኬቱን አስወልቆ ለበሰው። ሊቆልፈው ሞከረ፤ ቁልፉና ቀዳዳው ተያዩ እንጂ አልተገናኙም። አውልቆ መለሰለት። «ትርፍ ጨርቅ አለኝ ብሏል። ቃሉን ይጠብቅ።» ደመናው ጃኬቱን ታቅፎ ወደ በሩ ሲዞር ነው ያልተተኮሰው የሸሚዙ ጀርባ ትዝ ያለው። ሦስቱም እንዳዩት ሳይዞር አውቋል። ዛሬ ከሆነው ሁሉ ይልቅ እናቱን የምታሳፍረው ያቺ ናት።

ከቀናት በኋላ ውሳኔው መጣ፤ ተጠባባቂ። ማንም ቦታውን ከለቀቀ ሊጠራ ይችላል፤ እስከዚያ አዲስ ነገር ካለ በአጭሩ መጻፍ ይቻላል።

«ተጠባባቂ ማለት በሰለጠነ አማርኛ ‹አይሆንም› ማለት ነው» አለ አማካሪው። «መጋዘኑ ከፊታችን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ካለው ሰኞ ጀምሮ ይጠብቅሃል። ግን ተስፋ አንቆርጥም፤ አዲስ ነገር ጻፉ ብለዋል አይደል? ዋና ትችላለህ እንበል። የአካል ጉዳተኞች መርጃ አቋቁመሃል እንበል። ሁለት የውጭ ቋንቋ…»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል!» እናቱ ካውያውን አነሳች። እንፋሎቱ አፏጨ፤ አጎቱም ጠረጴዛውን ለቆ ወረደ። «አንዴ አልበቃህም? ልጄን በኮት ቆጥረህ አዋረድከው!»

«ጃኬቱም ያንተ ሐሳብ ነበር ጋሼ» ብላ ጨመረችበት እህቱ።

ደመናው የኋለኛው ክፍል ውስጥ፣ ከኮቶቹ ስር ተጋድሞ ይህን ሁሉ ይሰማል። የዲኑ ጃኬት ጎኑ ተፈትቶ፣ ሰፍቶ፣ እንደገና ተተኩሶ ከራስጌው ተሰቅሏል። ሁለቱም ተጠባባቂ ናቸው።

እሁድ ከሰዓት እናቱ መጥታ ከበላዩ ቆመች። «ተነስ።»

«ዛሬ ልብስ አላንሸራሽርም እማ።»

«ልብስ ማን ጠየቀህ? ራስህን አንሸራሽር። ተንጠልጥሎ የሚከርም ነገር ቤቴ ውስጥ በቅቶኛል።» አንድ ሸሚዝ ወረወረችለት። የራሱ ነው። አገላብጦ አየው፤ ጀርባው ላይ አንዲት መጨማደድ አልነበረችም።

ሸሚዙን ብቻ ለብሶ ወጣ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ እግሩ በልማዱ ቆመ። ከዚያ የለበሰው የራሱን መሆኑ ትዝ አለውና አለፈ። ከመታጠፊያው ወዲያ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ተቀመጠበት። የተከለከለ ነገር ሁሉ ዛሬ ተፈቅዷል። ስልኩን አወጣ።

«እኔ ተጠባባቂ አመልካች ነኝ» ብሎ ጻፈ። «የእናንተ መስቀያ ላይ ተንጠልጥያለሁ። ክበቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ። አዲስ ነገር ካለህ ንገረን ባላችሁት መሠረት፤ ከተለያየን ወዲህ ከአርባዎቹ ኮቶች አሥራ አንዱ ባለቤታቸው ጋ ገብተዋል። የአንዱ ባለቤት በሕይወት የለም፤ ልጁ መጥታ ወሰደችው፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ለብሳው ወጣች። ለዚህ ዓይነቱ ምን እንደሚጻፍ አላውቅም ነበር፤ መማር የምፈልገው ስለዚህ ነው። ሸሚዜ አሁን ጀርባውም ተተኩሷል። ትርፍ ጨርቅ አለኝ። አልተቀየምኩም።»

እንዳያፍር አንብቦ ሳይጨርሰው ቶሎ ላከው።

ሳምንቱ እንደ ጎማ ተጎተተ። ሰኞ ዝም፣ ረቡዕ ዝም፣ ዓርብ አጎቱ ለመጋዘኑ የሚሆን የአቧራ መከላከያ ይዞ መጣ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሱቁ በር ተከፍቶ መጀመሪያ ሆድ፣ ቀጥሎ ዲኑ ገባ።

«ቁጥርዎ?» አለችው እህቱ፣ ቀና ሳትል።

«ጠፍቶብኛል።»

«ያለ ቁጥር ልብስ አይወጣም ጋሼ።»

«የኔ እኮ ነው! ቀይ ክር አለው!»

«ሁሉም የኔ ነው ነው የሚለው።»

እናቱ ከእንፋሎቱ ውስጥ ብቅ አለች። ሰውየውን አየችው፣ ሆዱን አየችው፣ የሰፋችውን በዓይኗ ለካች። «ስጪው። ዋስ ነኝ።»

ደመናው ጃኬቱን አመጣ። ዲኑ ለበሰ። ቁልፉ ወደ ቀዳዳው ሰተት ብሎ ገባ። ዲኑ መስታወቱ ፊት ግራ ቀኝ ዞረ፤ ትንፋሹን ለቀቀ፤ አሁንም አልተፈታም። ለረጅም ጊዜ ያልተያዩ ወዳጆች እንደተገናኙ ሁሉ ደረቱን መታ መታ አደረገው።

«ባንተ ጉዳይ ትናንት ስብሰባ ነበር» አለው፣ ፊቱን ከመስታወቱ ሳያነሳ። «እኔን ‹የጃኬት ጥቅም አለብህ› ብለው አስወጡኝ። በር ላይ ቆሜ ነበር። መልእክትህ ሲነበብ መጀመሪያ ሳቃቸውን ሰማሁ። ከዚያ ደግሞ ዝም አሉ።» ወደ ደመናው ዞረ። «አንድ ልጅ ሌላ ቦታ ገብቶ ወንበሩን ለቋል። እኔ የኔን ወሰድኩ። አንተም ሰኞ ጠዋት መጥተህ ያንተን ውሰድ። ባዶውን ከከረመ…»

«ይታመማል» አለች እናቱ። ካውያው ከእጇ ላይ እንዳለ ነው፤ የምትተኩሰው የማን ሱሪ እንደሆነ እንጃ እንጂ አንድ ቦታ ላይ ረሳችውና ጭስ ጭስ አለ።

«እማ! ሱሪው!»

በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል አማካሪው ከጥግ ተነስቶ እጁን ዘረጋ። «አላልኩም? አላልኩም ወይ? ጃኬቱ ነው ያስገባው! ማን ነበር ጃኬቱን የመረጠው?»

«ልክ ነህ» አለችው እናቱ፣ የተቃጠለውን ሱሪ እያራገበች። «ለሰኞ ደግሞ መጋዘኑ ሰው ይጠብቃል ብለሃል። የአቧራ መከላከያውም ተገዝቷል። በልክህ ነው፣ አይቼዋለሁ።»

አማካሪው ጆሮ ዳባ ልበስ አለና ወደ ኋለኛው ክፍል ገባ። ሲወጣ የአብራሪውን ኮት ለብሷል።

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው ጋሼ!» አለችው እህቱ።

«የአየር ጠባዩ ጥሩ ነው» አለና ደረቱን ነፍቶ ወጣ።